ሐይቁ ቅርብ ነው፤ የራቀው መመለሻው ነው

ከአቃቂ ቢሾፍቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መንገዱ ካልተዘጋጋ ገላንን አልፎ፣ ዱከምን አቋርጦ አንድ ሰዓት የማይሞላ ጉዞ። ባሕር በሌላት ሀገር ለአዲስ አበባ ሰው የባሕር ዳርቻን ቦታ ተክታ የኖረችው ይቺው ከተማ ናት። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ሐይቆች ከመሐሏም ከዳሯም አሉ፤ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ራቅ ብለው ደግሞ ሌሎችም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥት የተሠራባት፣ ዛሬ ሪዞርት በሪዞርት ላይ የሚሠራባት ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን አቃቂ ተወልደው፣ አቃቂ ፋብሪካ ሠርተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቢሾፍቱን በመኪና መስኮት ካልሆነ በቀር ያላዩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ወደ አዳማ ሲያልፉ አይተዋታል። ለቅሶ ሲሄዱ፣ ሠርግ ሲጠሩ አይተዋታል። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ግን አላዩትም።

ለምን? ሲባል የመጀመሪያው መልስ «ድህነት ነዋ!» የሚል ነው። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ሙሉ ግን አይደለም። እነዚሁ ሰዎች ለዝቋላ አቦ ገንዘብ አዋጥተው፣ አውቶቡስ ተኮናትረው ይሄዳሉ። ለቁልቢ ገብርኤል ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ይመለሳሉ። ለኢሬቻ ሌሊት ተነሥተው ሆራ ይወርዳሉ። ገንዘቡ ጭራሹን ባይኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ታዲያ ለበዓል የተቻለው ጉዞ ለተራ እሑድ የማይቻለው ለምንድን ነው?

ልዩነቱ አንድ ነው። በበዓሉ ጉዞ መመለሻው አስቀድሞ ታውቋል። በተራው እሑድ አይታወቅም። መኪና የሌለውን ሰው ከቢሾፍቱ የሚያስቀረው መሄጃ ማጣት አይደለም፤ በምን እንደሚመለስ አለማወቅ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ከተማው ደርሶ ውሃው ዘንድ አለመድረስ ነው። ሁለቱም ችግሮች ቢሊዮን ብር አይጠይቁም። ምናልባት ማንም ፕሮጀክት ብሎ ያልያዛቸው ለዚህ ይሆናል።

◾ አቃቂ ምን ሰጠች፣ ምን አገኘች?

ስለ ሐይቅ ጉዞ ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለዋል። የአቃቂን ታሪክ የሚያውቅ ግን እንደዚያ አይልም።

ቀድሞ አቃቂ በሰቃ ተብላ ራሷን የቻለች ከተማ የነበረችው ይቺ ሰፈር የባቡር ጣቢያ፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ የሠራተኛ መንደር ናት። የራሷም ውሃ ነበራት። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ እዚያው ደጃፏ ላይ ነው። ዛሬ ያ ውሃ የሚዋኙበትም፣ ልጅ ይዘው ዳሩ የሚቀመጡበትም አይደለም። የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካው ዝቃጭ በወንዞቹ ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ ይወርዳል። ከጂቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና በአቃቂ ያልፋል። ጭሱም፣ አቧራውም፣ የጡሩምባው ጩኸትም የአቃቂ ድርሻ ነው። የራሷ ሐይቅ ለተበላሸባት ሰፈር፣ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነፋሱ ንጹሕ የሆነ ሌላ ሐይቅ ዘንድ በእሑድ ቀን መድረስ ቅንጦት አይባልም። ቢያንስ ካሣ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዕረፍትን እንደ ችሮታ አያየውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኛው የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሠራተኛ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል ይላል። በቃሊቲ፣ በቂሊንጦ፣ በዱከም የሚሠራው ሰው እነዚህን 24 ሰዓታት ያገኛል እንበል። እንቅልፉን፣ ልብስ አጠባውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ቀንሱለት። የቀረችው ግማሽ ቀን ናት። ያቺን ግማሽ ቀን የታክሲ ሰልፍ ከበላት፣ መብቱ በወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው።

◾ አራት መሥመር ያልፋል፤ የሚቆምለት የለም

ነገሩን የሚያስገርመው መሠረተ ልማት አለመኖሩ አይደለም። መኖሩ ነው።

የጂቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ መሥመር አቃቂ ጣቢያ ነበራት፤ ዱከምም፣ ቢሾፍቱም እንዲሁ። ባቡሩ ይዘገይ ነበር፣ ይጨናነቅ ነበር። ግን ይቆማል። ሰው የባቡሩን ሰዓት ይዞ ቀኑን ያቅዳል። ያ ሐዲድ አርጅቶ ከለገሀር የሚነሣው ባቡር ሲቀር፣ በትንንሾቹ ከተሞች መካከል የነበረው የአጭር ርቀት ጉዞም አብሮ ቀረ። ማንም በመግለጫ አላሰናበተውም።

በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። የሚነሣው ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። ለባለመኪና ቢሾፍቱ የግማሽ ሰዓት ጎረቤት ሆነች፤ ቁርስ ቤቱ በልቶ ቡናውን ሐይቅ ዳር መጠጣት ቻለ። መንገዱ ግን እግረኛ የማይቆምበት የክፍያ መንገድ ነው። በዚያ የሚሄድ ሚኒባስ አንዴ ከገባ መሐል ላይ አያነሣም፣ አያወርድም። መንገዱ በሠፈሩ በኩል ያልፋል እንጂ ለሠፈሩ ሰው አይቆምም።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። የሰሜን–ደቡቡ መሥመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ መጨረሻው ቃሊቲ ነው። ቃሊቲ ወርዶ «ከዚህ ወደ ቢሾፍቱስ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጥ ሰሌዳ፣ የተገናኘ አውቶቡስ፣ የተጻፈ ሰዓት የለም። ባቡሩ ያበቃበት ቦታ ችግሩ የሚጀምርበት ነው።

አራተኛው አዲሱ የኢትዮ–ጂቡቲ ባቡር ነው። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሐዲዱ በእንዶዴ በኩል አድርጎ፣ የአቃቂን ደቡብ ታክኮ ቢሾፍቱ ይደርሳል። መንገደኛው የሚሳፈረው ግን ፉሪ ለቡ ነው። የአቃቂ ሰው ባቡሩን ለመያዝ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ለቡ ድረስ መሄድ አለበት፤ ከዚያ ባቡሩ ተመልሶ በገዛ ሠፈሩ ጎን ይዞት ያልፋል። ቢሾፍቱ ጣቢያ ደርሶም ከከተማው መሐል ርቆ ይወርዳል። አገልግሎቱ ለድሬዳዋና ለጂቡቲ የረጅም መንገድ ተጓዥ የታሰበ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለስ ሰው አልታሰበም።

አራት መሥመር። አራቱም በአቃቂ ወይም በአቃቂ ጎን ያልፋሉ። ለእሑድ እንግዳ የሚቆም ግን ከሚኒባስ በቀር የለም።

◾ ሠላሳ ሂሳብ

እስቲ አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ እንቁጠር። እናት፣ አባት፣ ሦስት ልጆች። ቤታቸው አቃቂ ነው።

አቃቂ መንገድ ዳር ቆመው የቢሾፍቱ ሚኒባስ ቢጠብቁ፣ ከቃሊቲ ሞልቶ የተነሣው ረዳቱ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ «ሞልቷል!» ብሎ ያልፋቸዋል። አንድ ወንበር ቢገኝ አንድ ነው፤ አምስት አይገኝም። ስለዚህ ወደ ኋላ፣ ወደ ቃሊቲ መናኸሪያ ይመለሳሉ። ይህ አንድ ጉዞ ነው። ከመናኸሪያው ቢሾፍቱ ሁለተኛው። ከቢሾፍቱ ዋና መንገድ በባጃጅ እስከ ሐይቁ ሦስተኛው። መልሱም ሦስት። አምስት ሰው በስድስት ጉዞ ሠላሳ ሂሳብ ነው። «ትንሹ ጭን ላይ ይቀመጣል» ቢባል ሃያ አራት።

ባለመኪናው የሚከፍለው ነዳጅና የመንገድ ክፍያ ነው። ብቻውን ቢሄድ ያው፣ አምስት ሆነው ቢሄዱ ያው። መኪና የሌለው ግን በነፍስ ወከፍ፣ በየመቀየሪያው ይከፍላል። ቤተሰብ በበዛ ቁጥር መኪና አልባው ጉዞ ይወደዳል። ልጆቹን ሐይቅ ማሳየት የሚፈልገው ሰው ደግሞ ባለ ብዙ ልጁ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሰው ይሄዳል። ጠዋት ላይ ታክሲ አይጠፋም። ረዳቱ «ደብረዘይት! ደብረዘይት! ናዝሬት በዚህ!» እያለ ይጣራል፤ የከተሞቹ ስም በወረቀት ከተቀየረ ስንት ዘመኑ፣ በመናኸሪያ አፍ ግን እንደ ድሮው ነው። «ማዘር፣ ጠጋ ይበሉ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይሞላና ይነሣል። ጠዋት ሁሉ ነገር ይቻላል።

◾ የማታው ጉዳይ

ችግሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይጀምራል።

እሑድ ማታ ሁሉም ሰው የሚፈልገው አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ። ከአዳማና ከሞጆ የሚመጣው ሚኒባስ ሞልቶ ይመጣል። ከቢሾፍቱ የሚነሣው ሰልፉን ሲያይ ሂሳቡን ያሳድጋል። «ማታ ነው እኮ»፣ «ባዶ ነው የምመለሰው»፣ «ካልፈለጋችሁ ተዉት»። መጨረሻ ላይ «ኮንትራት ነው» ይባላል። ታሪፍ በሕግ የተወሰነ ነው፤ እሑድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ታሪፉን የሚያስከብር ሰው ማግኘት ግን ዕድል ይጠይቃል።

የዚህ ነገር ትልቁ ጉዳት ከኪስ የሚወጣው ጭማሪ አይደለም። ፍርሃቱ ነው። ማታ ምን እንደሚገጥማት የማታውቅ እናት፣ ገና ፀሐዩ ሳይበርድ፣ ሐይቁ ላይ የሚያምረው ሰዓት ሳይደርስ «ተነሡ ልጆች፣ ሳይመሽ» ትላለች። ለሁለት ሰዓት መቀመጫ ስድስት ሰዓት መንገድ ከፍላ ትመለሳለች። አባትየው ኪሱ ውስጥ «ድንገት እጥፍ ቢሉንስ» ብሎ የያዘውን ገንዘብ ቀኑን ሙሉ አይነካውም። ልጆቹ አንድ ተጨማሪ ለስላሳ ቢጠይቁ «ቤት ስንደርስ» ይባላሉ።

የቢሾፍቱ ነጋዴ ይህን ቢያስብበት ይጠቅመዋል። ለመመለሻ ተብሎ ኪስ ውስጥ የታሰረ ገንዘብ በከተማዋ ውስጥ የማይወጣ ገንዘብ ነው። ያልተሸጠ ቡና፣ ያልተበላ ዓሣ፣ ያልተገዛ ሙዝ ነው። መመለሻው ቢታወቅ ያ ገንዘብ ሐይቁ ዳር ይቀር ነበር።

ጭራሽ የማይሄዱትም አሉ። ብቻዋን የምትጓዝ ወጣት ሴት ጨለማ ላይ መንገድ ዳር መቆም አትፈልግም፤ ትቀራለች። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ተሻምተው ሚኒባስ መግባት አይችሉም፤ ይቀራሉ። በክራንች ወይም በዊልቸር የሚሄድ ሰው በግፊያ መሐል ማን ያስገባዋል? እሱም ይቀራል። ዕረፍት ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚቀሩት ናቸው።

◾ ከተማ መድረስና ሐይቅ መድረስ

ቢሾፍቱ መድረስ ሐይቅ መድረስ አይደለም።

የቢሾፍቱ ሐይቅ ከዋናው መንገድ በእግር የሚደረስ ነው። ነገር ግን በገደል የተከበበ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነውና ደህና አድርጎ የሚታየው አፋፉ ላይ ከተሠሩት ቤቶች በረንዳ ነው። ባቦጋያና ኩሪፍቱ ከመሐል ከተማ ይርቃሉ፤ ባጃጅ ይፈልጋሉ። ደርሰውም ዳርቻቸው በሪዞርት፣ በሎጅና በግል ግቢ አጥር ተይዟል። ቀድሞ የቢሾፍቱ ጋሪ እንግዳውን ቀስ እያለ ይዞት ይዞር ነበር። አሁን ባጃጁ በር ላይ ያደርስና ይመለሳል። ከበሩ ወዲያ ያለው በምሳ ዋጋ ወይም በመግቢያ ነው።

ሪዞርት መኖሩ ጥፋት አይደለም። ሥራ ፈጥሯል፣ ከተማዋን አስጠርቷል። አልጋና ምግብ የሚሸጥ ሰው ማስከፈሉም መብቱ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሐይቁ የሕዝብ ነው። ወደ ሐይቁ የሚያስገባው በር ሁሉ የግል ከሆነ ግን የሕዝብ የሆነው ሐይቅ ለሕዝቡ ምኑ ነው? በዓይን እንኳ ካላየው?

ከዚህ ወጣ የምትለው ሆራ አርሰዲ ናት። የሆራ ዳርቻ ለሰው ክፍት ሆኖ የቆየበት ትልቁ ምክንያት ኢሬቻ ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ በእምነቱና በባህሉ የሚወርድበትን ዳር አጥሮ መሸጥ አይቻልም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ክፍት ሆኖ የቀረው ዳር ሕዝብ በየጊዜው የሚመላለስበት ዳር ነው።

◾ «ገበያው ያስተካክለዋል» ለሚሉ

በዚህ ጉዳይ ሦስት ተቃውሞ ይነሣል። ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው «ፈላጊ ካለ ታክሲው ራሱ ይመጣል» የሚል ነው። እውነቱ ሹፌሩ ሲናገር ይታወቃል። እሑድ ማታ ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ሰልፉን ለማንሣት የሚሄድ ሚኒባስ በአንድ በኩል ባዶውን ነው የሚጓዘው። ነዳጁን የሚያካክሰው በመልሱ ሂሳብ ላይ ጨምሮ ነው። ሹፌሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ለእሱ ለብቻው ሌላ መንገድ የለውም። ጠዋት የወሰደውን ሰው ማታ መልሶ እንደሚያገኘው እርግጠኛ ቢሆን ግን ባዶ አይሄድም። ያን እርግጠኝነት የሚሰጠው ጠዋት የተቆረጠ የደርሶ መልስ ትኬት ነው። ይህን ደግሞ አንድ ሹፌር ለብቻው አያደራጀውም፤ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ይፈልጋል።

ሁለተኛው «ሰው ሥራ ሄዶ መግባት አቅቶት ሳለ የምን ሽርሽር?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን የሥራ ቀን ችግር የአውቶቡስ እጥረት ሲሆን የእሑዱ ችግር የአውቶቡስ አጠቃቀም ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሠራተኛ የሚያመላልሱ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ሰርቪሶች፣ የተማሪ አውቶቡሶች፣ እሑድ ብዙዎቹ ግቢ ውስጥ ቆመው ይውላሉ። ከሥራ ቀን ላይ የሚቀነስ ነገር የለም።

ሦስተኛው በለሆሳስ የሚነገር ነው፤ «ብዙ ሰው ከመጣ ያቆሽሸዋል»። ሰው የሚያቆሽሸው ቆሻሻ መጣያና መጸዳጃ ቤት በሌለበት ነው። ደግሞስ የሐይቆቹን ዳር ለማቆሸሽ ባለመኪናና መኪና አልባ መቼ ተለያዩ?

◾ መፍትሔው በቤት ውስጥ አለ

ከውጭ ልምድ መቅሰም ክፉ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከለንደን ወደ ባሕር ዳሯ ብራይተን የባቡር ሐዲድ የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። ከዚያ በፊት ብራይተን የመኳንንት ማረፊያ ነበረች። በርካሽ የደርሶ መልስ ትኬት ተራው ሠራተኛ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ሲችል የከተማዋ መልክ ተለወጠ። ሠራተኛውን ባሕር ያሳየው የራሱ መኪና አይደለም፤ ሰዓት ያለው ባቡር ነው።

ግን ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም። ሐዋሳ ቅርብ ናት። ከመናኸሪያ የወረደ ሰው ባጃጅ በነፍስ ወከፍ ይዞ ወይም በእግሩ ፍቅር ሐይቅ ይደርሳል። ዋናው ጎዳና ራሱ ሐይቁ ላይ ነው የሚያበቃው። ሐይቁ ዳር ሰው እየተራመደ ያመሻል፤ ቡና የፈለገ ቡና ይገዛል፣ ያልፈለገ ነፋሱን ይቀበላል። ሐዋሳ ውስጥም ሆቴሎች ሐይቅ ዳር አሉ፤ ግን ከተማው ለራሱ ሰው መውጫ ትቷል።

ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጉዞ ማኅበራት ናቸው። ለዝቋላ አቦ ሲሄዱ ምን ያደርጋሉ? ትኬቱን አስቀድመው ይሸጣሉ። ዋጋው ደርሶ መልስ ነው። መነሻው ቦታና ሰዓት ይነገራል። መመለሻውም ይነገራል። አስተባባሪ አለ፤ ሰው ይቆጥራል፣ የቀረውን ይጠብቃል። አሮጊቷም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ሕፃኑም በዚያ አውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም ማታ ቤታቸው እንደሚገቡ ያውቃሉ። ኢሬቻም ሲሆን እንዲሁ ነው፤ ከየአቅጣጫው አውቶቡስ ይመደባል፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ያለ መኪና ሆራ ወርዶ ይመለሳል። ሕዝብ ማጓጓዝ የሚቻል መሆኑ በየዓመቱ ይታያል። የጠፋው ችሎታ አይደለም፤ ተራ እሑድን እንደ ጉዳይ የሚቆጥር ሰው ነው።

◾ ምን ይደረግ?

1. የእሑድ ደርሶ መልስ አውቶቡስ ይኑር። ከቃሊቲ መናኸሪያ ይነሣ፣ አቃቂ ላይ የተያዘለት ወንበር ይኑር፣ ገላንና ዱከም ይቁም። ትኬቱ ጠዋት ይቆረጥ፤ የመጨረሻው መመለሻ ሰዓት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በሁለቱም ከተማ ይለጠፍ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሰው ትቶ እንዳይሄድ የተሸጠው ትኬት ይቆጠር። መጀመሪያ ሁለት አውቶቡስ ቢሆን ይበቃል።

2. አውቶቡሱ መናኸሪያ ላይ አያብቃ። ሆራን፣ ባቦጋያንና ኩሪፍቱን ዞሮ ይመለስ። ያልተቻለ እንደሆነ ባጃጆቹ እሑድ በመሥመርና በነፍስ ወከፍ ይሥሩ፤ ሂሳቡ በግልጽ ይለጠፍ። ለባጃጅ ሹፌሩም አንድ ኮንትራት ከመጠበቅ አሥር ጊዜ መመላለስ ይሻለዋል።

3. በእያንዳንዱ ሐይቅ ቢያንስ አንድ የሕዝብ መውረጃ ይከለል። ጥላ ያለው ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መጸዳጃ ቤት፣ ጠባቂ። አዲስ የሐይቅ ዳር ቦታ ለልማት ሲሰጥ የእግረኛ መተላለፊያ መተው የውሉ አካል ይሁን። የተያዘውን ማስለቀቅ ከባድ ነው፤ ያልተያዘውን ማትረፍ ግን አሁንም ይቻላል።

4. የምድር ባቡሩ ይታሰብበት። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ኤሌክትሪኩ አለ። ከለቡ ተነሥቶ እንዶዴ ላይ ሰው የሚያነሣ፣ ቢሾፍቱና አዳማ ደርሶ በዚያው ቀን የሚመለስ የሳምንት መጨረሻ ባቡር በሙከራ ቢጀመር፣ አቃቂ ከለገሀሩ ዘመን ባቡር የወረሰችውን የጣቢያ ከተማነት ስም በሌላ መልክ ታገኘዋለች።

እነዚህን የሚያዘገያቸው ከገንዘቡ ይልቅ ድንበሩ ነው። ይህ አጭር መንገድ የሚነሣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ገላን ሲገባ ሸገር ከተማ ነው፤ ከዚያ ዱከም፣ ከዚያ ቢሾፍቱ። ታሪፉን የሚያወጣ፣ ስምሪቱን የሚሰጥ፣ ተራውን የሚያስከብር ሁሉ ይለያያል። «የእኛ ክልል እስከዚህ ነው» የሚለው ንግግር ለቢሮ ይመቻል። ሐይቅ ለማየት ለወጣች እናት ግን መንገዱ አንድ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ የትራንስፖርት ቢሮዎች ለአንድ የእሑድ መሥመር አንድ ወረቀት ላይ መፈረም ቢችሉ፣ ግማሹ ሥራ አለቀ።

◾ ለምን አሁን?

ሁለት ነገሮች ጉዳዩን አጣዳፊ ያደርጉታል።

የመጀመሪያው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አካባቢ የያዘው ፕሮጀክት ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው። መሬቱ ይወደዳል፤ የሐይቅ ዳሩ ይበልጥ ይፈለጋል። ለአውሮፕላኑ እንግዳ መንገድና ባቡር ሲነደፍ በመሐል ለሚኖረው ሰው ማቆሚያ ካልተያዘለት፣ በፍጥነት መንገዱ የሆነው ይደገማል። ማቆሚያ በወረቀት ላይ እያለ በእርሳስ ይሠመራል። ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ ግን ዘመን ይፈጃል።

ሁለተኛው የመኪናው ነገር ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት ሀገር ያለው ተሽከርካሪ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ በኤሌክትሪክ ብቻ ብሏል። ፖሊሲው ይደገፍም ይነቀፍም፣ የቃሊቲ ፋብሪካ ሠራተኛ በቅርብ ዓመታት ባለመኪና አይሆንም። «ሁሉም ሰው መኪና ሲኖረው ይስተካከላል» ብሎ የሚጠብቅ ከተማ፣ የአንድን ትውልድ እሑዶች በሙሉ እያሳለፈ ነው።

ዛሬ አቃቂ የሚያድግ ልጅ «ሐይቅ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ይማረዋል። መምህሩ ስለ እሳተ ገሞራ ሐይቆች ሲያስተምረው ምሳሌው ከሠፈሩ 25 ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ይነግረው ይሆናል። ያ ልጅ ሐይቁን ለማየት አባቱ መኪና እስኪገዛ መጠበቅ የለበትም። የሚያስፈልገው አንድ ተራ ነገር ነው፤ እሑድ ጠዋት የሚነሣ፣ ማታ የሚመልስ፣ ሰዓቱ የተጻፈ አውቶቡስ።